የአባቴ እግር ላይ የነበረው ብረት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ትንሽ የሴቶች ጠጉር ቤት አለችኝ። ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ራስ ሲያጥብና ሲተኩስ የሚውል ሰው ካላወራ በምን ይገፋዋል? ደንበኞቼ እኔ የማላወራው ነገር ያለ አይመስላቸውም። አንድ ነገር ግን ነበረ። ጥርሴን ነክሼ የያዝኩት፣ ሌሊት ሌሊት ደረቴ ላይ የሚቀመጥብኝ። ዛሬ ልናገረው ነው፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ስሜ እናኑ ነው። አባቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር የአቋቋም መምህር ነበሩ። ለማያውቅ ሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ ከከበሮው ጋር እየተወዛወዙ ቆሞ መዘመርን ነው የሚያስተምሩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ በእግራቸው ቆመው ኖሩ። ተማሪውም አገሩም «የኔታ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እያልኩ አደግሁ። ጠጉር ቤት ስከፍት ከልጅነት ሊፍቁኝ ደርሰው ነበር። ኋላ ሲለምዱት ግን ወደ ማርቆስ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ያቺ የጠጉር መሪጌታ እንዴት ናት?» እያሉ ያስጠይቁኝ ጀመር።

ነሐሴ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቅሏቸው ጭቃ ላይ ተንሸራታ ጣለቻቸው። ቅልጥማቸው ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ማርቆስ አምጥተናቸው አንድ ወጣት ሐኪም አከማቸው። ቁስሉ ክፍት ስለሆነ ጀሶ አይሆንም አለን። አራት ረዣዥም ቡሎኖች በቆዳው በኩል አጥንቱ ድረስ አስገባና፣ ወደ ውጭ የቀሩትን ጫፎች በአንድ የብረት ዘንግ አያይዞ አሰራቸው። እኔ ማየት አቅቶኝ ዞርኩ። አባቴ ግን አዩትና «የአጥር እንጨት አደረጋችሁኝ እኮ» ብለው ሳቁ።

ስንወጣ ነርሷ አስጠንቅቃ ነገረችኝ። «ቡሎኑ የገባበትን ቆዳ፣ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ትንሽ ጨው ጣል አድርጋችሁ በንጹሕ ፋሻ ጥረጉት። ሌላ ምንም ነገር አታስነኩት። የኅዳር መጨረሻ ቀጠሯቸው እስኪደርስ ደግሞ እግራቸው መሬት እንዳይረግጥ።»

እኔም ወደ አገር ቤት ይዟቸው ለሚመለሰው ለዲያቆን ይበልጣል ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኩት። ይበልጣል የአባቴ የመጀመሪያ ተማሪ ነው፤ ጎልማሳ ነው፣ ዜማውን ጨርሶ ታናናሾቹን የሚያስጠና። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን የሚያበላቸው፣ ልብሳቸውን የሚያጥብላቸው፣ ሲታመሙ እግራቸው ሥር የሚያድር እሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ከአሁኑ ክፉ ሰው ነው እንዳትሉት ነው። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ለኔም ቀላል ነበር።

የኅዳር ሚካኤል የደብራችን ንግሥ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ጉንደ ወይን ወረድኩና ከንግሥተኛው ጋር በእግሬ ሄድኩ። አባቴን ቤት ተኝተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ብርቱካን ይዣለሁ። ደብሩ ስደርስ ታቦቱ ወጥቷል፣ ሊቃውንቱ ወረብ ላይ ናቸው፣ እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። ሴቶቹን እየገፋሁ ወደ ፊት ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? አባቴ መሐል ላይ ቆመዋል!

ነጭ ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በአንድ እጃቸው ጸናጽል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል፤ ብረቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ሐኪም ቤት ሳየው ደብዘዝ ያለ ነገር ነበር እኮ! አጠገቤ ያለችው ሴት «እዪልኝ እስቲ፣ የየኔታ እግር እንኳ እንደ መስቀል ያበራል» ብላ አለቀሰች።

ይበልጣልን በዓይኔ ፈልጌ በእጄ ጠራሁት። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ማን ነው ያቆማቸው?»

«እንዴ እናኑ፣ እንኳን አደረሰሽ አይቀድምም?»

«ማን ነው ያቆማቸው አልኩህ!»

«ሚካኤል ነዋ! በታቦቱ ፊት ተቀምጬ አልዘምርም አሉ። የኔታን ይቀመጡ ብሎ የሚከለክል ማን ደፋር አለ?»

«ብረቱንስ ምን አድርጋችሁት ነው?»

«አማረ አይደል?» አለ። ኩራቱን ብታዩት! «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምናሸው። በሎሚና በጨው፣ በተነፋ አመድ፣ ከዚያ በሽቦ ፈግፍገን፣ መስቀሉንና ጸናጽሉን እንደምናደርገው። ደም የደረቀበት ብረት ይዘው መቅደስ ይቅረቡ እንዴ?»

«ሌላ ነገር አታስነኩት አላልኩህም?»

«ጨው ብለሽ የለም? ጨው ከተፈቀደ ሎሚ ምን ይከፋል? መስቀሉን ያነጻ ነገር እሳቸውን ይጎዳል?»

እኔ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ? የማውቀው ነርሷ ያለችኝን ነው። እሱን ልደግምለት አፌን ስከፍት ከበሮው ጠንከር አለ፣ ሊቃውንቱ ወደ ፊት ተራመዱ። አባቴም አብረው ተራመዱ። ያን ጊዜ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጠፈ።

እልልታው ወዲያው አልቆመም። ከኋላ ያለው ሰው ምን አይቶ! እኔ ስጮህ እንኳ ለታቦቱ የምጮህ ነው የመሰላቸው። ደርሼ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ቡሎኖቹ ሥር በጠበል የተነከረ የነጠላ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ስፈታው ሽታው ወደ ኋላ ወረወረኝ። ቢጫ መግል፣ በመግሉ ውስጥ የዝገት መልክ ያለው ቡናማ ነገር። ከሁለቱ ታችኞቹ ቡሎኖች አንዱ ከሥሩ ለሁለት ተቀንጥሷል።

«የኔታ፣ ሲያምዎት አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ከበዓሉ በኋላ ልናገር ብዬ ነው» አሉኝ።

ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ጉንደ ወይን አደረሱን። ከዚያ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወደ ማርቆስ ገሰገስን፤ ይበልጣልም አብሮን መጣ። መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የሚጸልዩ መስሎኝ ጠጋ ስል ወረቡን ነው ለካ የሚሉት፤ ካቋረጡበት ጀምረው እየጨረሱት ነው። ወይ አባቴ! እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ደረስን።

ያው ወጣት ሐኪም ነው የተቀበለን። ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። ወደ ውስጥ ይዟቸው ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እኔን ብቻ ጠራኝና በብረት ሳህን ላይ የተቀነጠሰውን ቡሎን አሳየኝ።

«ይህን ያሸው ማን ነው?»

«ያሸው ማለት?»

«እህቴ፣ እኔ ስሰጣችሁ እንዲህ አልነበረም። በሽቦ ተፈግፍጓል፣ ጭረቱ ይታያል።»

ሎሚውን፣ ጨውን፣ አመዱን፣ ሽቦውን ሁሉንም ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው።

«የማይዝግ ብረት ሲባል ሰው በጭራሽ የማይበላ ይመስለዋል» አለኝ። «ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ አለው። ከሰውነት ፈሳሽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሲሠራ አለስልሰው፣ በአሲድ አጥበው የሚያወጡት ያ ቆዳ ጠንካራ እንዲሆን ነው። አንድ ጊዜ ቢጫርማ ራሱን መልሶ ያለብሳል። እናንተ ግን በየሳምንቱ ፋቃችሁት፤ የሽቦው ብናኝ ላዩ ላይ ቀርቶ ዛገ። ከዚያ ጨውና ሎሚውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለላችሁበት። ፋታ አላገኘም።»

«ግን ያበራ ነበር እኮ!»

«ያበራል። እዪ እዚህ ጋ።» በመርፌ ጫፍ አመለከተኝ። የቁንጫ ዓይን የምታክል ጥቁር ነጥብ። «ከላይ ይቺን ታክላለች፤ ወደ ውስጥ ግን ቦርቡሮታል። በዚህ ላይ ቆሙበት።»

እኔ ጠጉር ሲቃጠል አይቼ ስለማውቅ ገባኝ። ቀለም ማስለቀቂያ የበዛበት ጠጉር ላዩ ወርቅ መስሎ ያበራል፤ ማበጠሪያ ሲነካው እፍኝ እፍኙን ይረግፋል።

«ብረቱስ ይቅር፣ ሌላ ይገባል» አልኩት።

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። «አመዱና ሎሚው በቁስሉ በኩል ገብቶ አጥንቱን አመርቅዞታል። መርዙ ወደ ደማቸው እየሄደ ነው። እግራቸውን ከጉልበት በላይ ካልቆረጥነው አባትሽ አይተርፉም። ነገ ጠዋት፤ ከዚያ ከዘገየ ለኔም ለእሳቸውም አይሆንም።»

እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውሰውም። መልሳቸውን ግን እስክሞት አልረሳውም። «እግሬን ቆርጣችሁ በምን ልቁም?» አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በቃ። ብለምን፣ ባለቅስ፣ ብቆጣ፣ አልዞር አሉ። ይበልጣል ደግሞ ከራስጌያቸው ሆኖ «ጠበል እንውሰዳቸው፤ ሚካኤል ያውቃል» ይላል። ኮሌታውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት።

«አንተ ነህ እዚህ ያደረስካቸው!»

«እኔ?» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «እኔ የኔታን? በእጄ ያጠብኩት፣ እየሳምኩ ያሸሁት እግር እኮ ነው!»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው፤ እየሳመ ነው ያሸው።

ሲነጋ ትኩሳቱ ጨመረ። አባቴ መቃዠት ጀምረው መለስ ይላሉ። ሐኪሙ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ።

«የኔታ፣ እናቴን ቀብሬያለሁ። እርስዎንም በእልክ አልቀብርም። ካልተቆረጠ ይሞታሉ።»

ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው፣ «ያሹት ልጆቹ መሆናቸውን ይበልጣል ነግሮሻል?» አሉኝ።

«ነግሮኛል።»

«አገሩ ይህን ከሰማ ይበልጣልን በድንጋይ ነው የሚያባርረው። ተማሪዎቹም ይበተናሉ። ያወረስኩት ዜማ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለማንም እንዳትናገሪ በሚካኤል ማይልኝ። ከማልሽልኝ እሺ እላለሁ፤ ካልማልሽ እንዲሁ ልሙት።»

እንዲህ ነው የጠመዱኝ። ነፍሳቸውን በአፌ ላይ አንጠለጠሉት። ማልኩ። ምን ላድርግ? እናንተስ ብትሆኑ? «እሺ በሉት ሐኪሙን» አሉ፤ ወሰዷቸው።

ተረፉ። አንድ እግራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ለጥቂት ጊዜ ሰው እየጎረፈ ጠየቃቸው። ተማሪዎቹ ግን ቆሞ የሚያሳያቸው መምህር ይፈልጋሉ፤ ይበልጣል ጉባኤውን ተረከበ። አባቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዜማው ከሩቅ ሲስት እየሰሙ በጣታቸው መሬቱን ይመታሉ። ይህንንስ ቻልኩት።

ያልቻልኩት ወሬው ነው። ሰው ዝምታን በባዶው አይተወውም፤ የራሱን ይሞላበታል። «የማርቆሱ ሐኪም የዛገ ብረት አስገባባቸው» ተባለ። ቀጥሎ «ብረቱ እግራቸውን በላው» ሆነ። ጠጉር ቤቴ ድረስ መጣ፤ ደንበኛዬ ራሷን እያጠብኩላት «ያ ዶክተር እኮ ነፍሰ ገዳይ ነው» አለችኝ። ሳሙናው ዓይኗ እስኪገባ ድረስ እጄ ደረቀ። አባቴን ጠይቀው «እንዲያ ነው የኔታ?» ሲሏቸው «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ። ሰው ሁሉ አዎ ማለታቸው ነው ብሎ ወሰደው። ይበልጣልም ዝም አለ። እኔም በመሐላዬ ተለጎምኩ።

በዓመቱ ጎረቤታቸው አያ ደመላሽ የቤት ክዳን ሲያድስ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ፤ እንደ አባቴ ሁሉ አጥንቱ ወጣ። ሚስቱ የሺ ማርቆስ አመጣችው። ሐኪሙ ብረት ካልገባለት አይሆንም አላቸው። ደመላሽ ያ ሐኪም መሆኑን ሲያውቅ ከአልጋው ሊወርድ ታገለ አሉ። «የየኔታን እግር የበላውን ብረት እኔ ላይ?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሐኪሙ ለመነው፤ የሺ ራሷ «አይንካብኝ» ብላ ጮኸች። ይዛው ወደ አገር ቤት ተመለሰች፣ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረው። ቁስሉ ሸተተ። ሳምንታት ማቅቆ ሞተ። ትንሿ ልጁ ገና ጡት አልጣለችም ነበር።

ከቀብር መልስ አባቴ ፊት ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናግሬያቸው አላውቅም።

«የኔታ፣ መሐላዬን ይመልሱልኝ።»

«አንቺ ልጅ...»

«ይበልጣልን አተረፉ፤ ደመላሽን ግን ቀበሩ። የሺ ምን አደረገችዎት? ዜማዎት ሜዳ ላይ እንዳይቀር የሰው አባወራ አፈር ገባ። ይመልሱልኝ!»

አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ የማውቀው ለእናቴ ብቻ ነው። አሁንም አለቀሱ። «መልሼልሻለሁ» አሉ። «ግን አንቺ አትናገሪ። እኔ ልናገር፤ የኔ አፍ ነው ያጠፋው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በክራንቻቸው ወደ ፊት ወጡ። እኔ ከየሺ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ልጇን አዝላለች።

«ወገኖቼ» አሉ አባቴ፣ «እግሬን የበላው የሐኪሙ ብረት አይደለም። ብረቱ ደኅና ነበር። በሎሚና በጨው፣ በአመድና በሽቦ አሳሽቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አትርገጥ ያለኝን የረገጥኩ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ነፍሴን ነው ያተረፋት። አጥንታችሁ ተሰብሮ ብረት ይግባ ካሏችሁ እሺ በሉ፤ እንዳዘዟችሁም ያዙት። ደመላሽ የሞተው እኔ ዝም ብዬ ነው። ይቅር በሉኝ።»

እፎይ አልኩ። በቃ፣ ተነገረ፣ ወጣ አልኩ። ከፊት አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተነሡ።

«አይ ትሕትና! አይ የድሮ ሰው! የበደላቸውን ሰው ጥፋት ለራሳቸው አደረጉት።»

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። «ለጠላታቸው እንኳ አዘኑለት» ይላል አንዱ፤ ሌላው ደግሞ ጫማቸውን ይስማል። አንዲት እግር፣ አንዲት ጫማ። አባቴ «እውነቴን ነው፣ ኧረ እውነቴን ነው» ይላሉ፤ እሳቸው ባሉ ቁጥር ልቅሶው ይብሳል። ወደ ይበልጣል ዞርኩ። ተናገር፣ በእግዜር ተናገር አልኩት በዓይኔ። አንገቱን ሰብሮ «የኔታ እንዲህ ናቸው» አለ ለአጠገቡ ሰው።

ያን ጊዜ ለያዥ ለገናዥ አስቸገርኩ። «ያሸው እሱ ነው! ብረቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በአፉ ነግሮኛል!» ብዬ ጮህኩ። ነጠላዬ ወደቀ። «ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ተይ» ብለው ጎተቱኝ። «ኀዘን ነው ያናገራት» አለች አንዷ። «ከተማ ለምዳ ነው» አለች ሌላዋ። ይበልጣል አላዘነብኝም፤ ጸለየልኝ። ይህ ነው የበለጠ የቆረጠኝ።

የሺ ሰዉ ሲሳሳ ወደ አባቴ ቀርባ ትከሻቸውን ሳመች።

«የኔታ፣ ሐኪሙን ከሰው አፍ ሊያድኑት ብለው ነው፤ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥዎ። እኔ ግን ይቅር አልለውም።»

«ልጄ፣ ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሏት።

«አይበሉ እንዲያ፣ አይበሉ» ብላ እሷው አባበለቻቸው።

ሐኪሙ ከማርቆስ ለቆ ሄዷል። የት እንደሄደ አላውቅም፤ ይቅርታ የምልበት አድራሻ እንኳ የለኝም። እኔ ከዚያ ወዲህ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። እጄ ሥር ለገባች ሁሉ እናገራለሁ፤ አንዳንዷ ትሰማኛለች፣ አብዛኛዋ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ታዝንልኛለች። እናንተ ግን አታውቁኝም፣ አባቴንም አታውቋቸውም፣ ልታዝኑልኝም ግዴታ የለባችሁም። ስለዚህ እናንተ እመኑኝ። የምትወዱት ሰው አካል ውስጥ ብረት ካለ፣ እንዲያበራ አታድርጉት። እውነትን ደግሞ አሳድራችሁ አትናገሩ። እኔ ያየሁት፣ ያደረ እውነት ሲወጣ የሚያምነው ሰው አያገኝም።

ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴን በአንድ ጎን ደግፌያቸው ነበር። ከበራቸው ስንደርስ ክራንቻቸውን ተቀበልኳቸውና አስቀመጥኳቸው።

«እናኑ» አሉኝ፣ ሜዳውን እያዩ፣ «ዋሽቼ ሳለሁ አምነውኝ ነበር።»